የማዶው ባንዲራ፦ የወይዘሮ ኤልቪራ ኬጋይ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤልቪራ ኬጋይ ከአባታቸው ከአቶ ቪያቼስላቭ ኬጋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስቬትላና ሊጋይ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1995 በኡዝቤኪስታን፣ ከታሽከንት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የሽንኩርት አምራቾች መንደር ተወለዱ። በሶቪየት ዘመን ወደዚያ እንደተጋዙት የመንደሩ ኮሪያውያን ሁሉ የቤተሰብ ስማቸው የኮሪያ፣ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ደግሞ ሩስያኛ ነበር። ሲወለዱ በጣም ትንሽ ስለነበሩ እኔ የእናታቸው እናት፣ አያታቸው ፋይና ኖጋይ፣ በጥጥ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አስተኛኋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እሳቸው መጨነቄን አላቆምኩም። በቤታችን ኤሊያ ነበር የምንላቸው፤ አንቱታው ዛሬ የመጣ ነው።

ወላጆቻቸው በየፀደዩ ሩቅ አገር መሬት ተከራይተው ሽንኩርት ሊያመርቱ ይሄዱና በመኸር ይመለሱ ስለነበር፣ ኤልቪራ ያደጉት በእኔና በባለቤቴ እጅ ነው። በ2002 በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው ትምህርታቸውን ጀመሩ። ሒሳብ ይወዱ ነበር፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን እኔንም መምህራቸውንም አስቸግሮናል። በ2007 ወላጆቻቸው በፋብሪካ ሊሠሩ ወደ ኮሪያ ሄዱ። ስልክ የሚደወለው እሁድ እሁድ ነበር። ኤልቪራም ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ጫማቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር፤ አንድ ሰው ልክ በዚያ በር የሚመጣ ይመስል።

በ2009 በአሥራ አራት ዓመታቸው ወላጆቻቸው ወዳሉባት ወደ ኮሪያዋ አንሳን ከተማ መጡ። የትምህርት ቤት ልብስ ተገዝቶላቸው በመስከረም ወር መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። መምህራኑ ክፉዎች አልነበሩም። ነገር ግን መልካቸው እንደ ሌሎቹ ልጆች፣ ስማቸውም ኬጋይ ስለሆነ፣ የሚባለውን ሁሉ የሚሰሙ መስሏቸው ነበር። ኤልቪራ አንድም የኮሪያኛ ቃል አይሰሙም ነበር። ጥቂት ሳምንታት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ካሳለፉ በኋላ ወደ ክፍል መግባት ተዉ።

ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግበው ከቤት ይወጣሉ፤ ባቡር ተሳፍረው ባሕሩ አጠገብ እስካለው እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። አባትና እናት ገና ሳይነጋ ወጥተው ማታ ስለሚገቡ፣ በር ላይ ቦርሳውን ያያሉ፤ ሩዙም ተበልቷል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በተመዘገበው ስልክ ደውሎ፣ ቁጥሩ ተቀይሮ ስለነበር የሚያነሳ አጣ። ብዙ ቤተሰብ ሳይሰናበት ስለሚመለስ እነሱም ተመልሰዋል ተባለ። ቤት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት ይላል፤ ትምህርት ቤት፣ አገሯ ገብታለች ይላል። የበረዶው ክረምት በዚህ ዓይነት አለፈ።

በቀጣዩ ዓመት ሜይ ውስጥ ፋብሪካው መብራት ተበላሽቶበት ሠራተኛው ለአንድ ቀን ዕረፍት ተሰጠው። ቀኑ የትምህርት ቤት የስፖርት በዓል ስለነበር፣ እናታቸው ወይዘሮ ስቬትላና የሩዝ ጥቅል ሠርተው፣ ልጄን ላስደስታት ብለው ሄዱ። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት፣ «ኤልቪራ? ባለፈው ዓመት አገሯ ተመለሰች ብለን ነበር እኮ» አለቻቸው። ወይዘሮ ስቬትላና የት እንደሚሄዱ ስላላወቁ ሩጫው እስኪያልቅ ከነምሳ ሳጥናቸው ሜዳው ላይ ቆሙ። ከዚያም ቤት ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ላይ ልጃቸው ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ «ዛሬ ትምህርት ጥሩ ነበር» አሉ። እናታቸውም ያንን የሩዝ ጥቅል ከፍተው አቀረቡላቸው።

እኔ ባለቤቴ ካረፉ በኋላ በ2012 ወደ አንሳን ስመጣ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ኤልቪራ ናቸው። አልቅሼ ስቆጣቸው፣ «አያቴ፣ መጥፋቴ አይደለም የከፋኝ፤ መጥፋቴን ማንም አለማወቁ ነው» አሉኝ።

ኤልቪራ ያን ክፍል ደግመው፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳይቀሩ ተምረው በ2015 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በማታው ክፍለ ጊዜ የሕፃናት እንክብካቤ ትምህርት ተከታትለው ዲፕሎማ አገኙ። ሁለተኛ ደረጃን በጨረሱበት በዚያው ዓመት ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ከትምህርት በኋላ በሚውሉበት ማዕከል ተቀጠሩ። የቤት ሥራ ያሠሩ ነበር፤ መምህርና ወላጅ ሲነጋገሩ መሃል ሆነው ያስተረጉሙ ነበር፤ ክትባት ያልተከተበውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ብስክሌት የማያውቀውን ወደ ሜዳ ይወስዱ ነበር። ከኡዝቤኪስታንም፣ ከኪርጊዝስታንም፣ ከናይጄሪያም፣ ከአፍጋኒስታንም የመጣው ልጅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነበር።

እዚህ አገር በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ቤተሰብ በተራው ጠዋት ማቋረጫው ላይ ቆሞ፣ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ፣ በቢጫ ባንዲራ መኪና እያስቆመ ልጆች ያሻግራል። የእኛ ሰዎች በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ናቸው። ተራቸው ደርሶ የሚቀሩ እናቶች ስም ይነሳ ጀመር፤ ልጆቻቸውም በክፍል ውስጥ እናትህ መቼ ነው የምትመጣው እየተባሉ ይሸማቀቁ ነበር። በ2016 ኤልቪራ የወላጆች ስብሰባ ገብተው የእነዚያን ሁሉ ተራ ለእኔ ስጡኝ አሉ። አንዲት እናት ሳቅ ብላ፣ «አንቺ ልጅ የሌለሽ፣ ባንዲራ ይዘሽ ባል ልታስቆሚ ነው?» አለቻቸው። ኤልቪራም ሳቁ። ተራውንም ሰጧቸው፤ እያደር የሌላውም ሁሉ ተራ እሳቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ዝናብም ይሁን በረዶ ጠዋት ጠዋት እዚያው ነበሩ።

የሴትዮዋም ቀልድ ደረሰ። አንድ ጠዋት የዕቃ ማድረሻ መኪና የሚነዳ ሩስላን ዩጋይ የሚባል የካዛክስታን ልጅ ባንዲራው አልነሳ ቢለው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሩስያኛ፣ «እህቴ፣ እስከ ነገ ልታቆሚኝ ነው?» አላቸው። ኤልቪራም፣ «የመጨረሻው ልጅ የጫማው ክር ተፈትቶበታል፤ ከቸኮልክ ወርደህ እሰርለት» አሉት። ወርዶ አሰረለት። በ2017 ተጋቡ፤ በሴፕቴምበር 2018 ልጃቸው ሚላና ተወለደች። በኋላ አቶ ሩስላን በአገሪቱ ደቡብ መርከብ በሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ ስላገኙ ቤት የሚመጡት በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ።

ኤልቪራ ማቋረጫው ላይ ሲቆሙ የሚያዩት የሚሻገረውን ብቻ አልነበረም። ያልተሻገረውን ነበር የሚፈልጉት። ሁለት ጠዋት ያልታየ ልጅ ካለ፣ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ ቤቱ ድረስ ሄደው ያንኳኩ ነበር። በ2019 ሳቢና የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መሻገር አቆመች። ኤልቪራ ሚላናን አዝለው ሄደው አንኳኩ። እናቷ ሥራ ስትሄድ ታናሽ ወንድሟን እሷ ላይ ጥላ እየሄደች፣ ለማንም በር እንዳትከፍት አዛት ነበር። ሳቢና ከበሩ ኋላ ሆና፣ «እናቴ አትክፈቺ ብላኛለች» አለች። «ደግ፣ አትክፈቺ» አሏት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠውም የሒሳብ ወረቀት በበሩ ሥር ሰደዱላት። ልጅቱ ሠርታ በበሩ ሥር ትመልሳለች፤ እሳቸው አርመው ይልካሉ። በሌላ ቀንም መጡ። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ሳቢና ከውስጥ፣ «የባንዲራዋ ሴትዮ፣ አንቺ ግን ሥራ የለሽም?» አለቻቸው። «ሥራዬ አንቺ ነሽ፤ ሦስተኛውን ተሳስተሻል» አሏት። ለወንድሟ የሕፃናት ማቆያ ቦታ እስኪያገኙለት ድረስ በሩ ሳይከፈት ተማረች። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ነርስ ልሆን እፈልጋለሁ ትላለች።

የእሳቸው የልደት ቀን ግን ባዶ ነበር። ልጆቹ ያድጉና መካከለኛ ደረጃ ሲገቡ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ አይመጡም። ለልደታቸው ያዘጋጀሁትን የካሮት ሰላጣ ብዙ ዓመት እሳቸውና እኔ ብቻ ነው የበላነው። ምነው አንዱ እንኳ ብቅ አይልም ብዬ ስነጫነጭ፣ «ማቋረጫ ነው እኮ አያቴ፤ ሊያልፉበት እንጂ ሊቀመጡበት አይደለም» ይሉኝ ነበር። ማታ ግን ስልካቸውን ገልብጠው ሲያስቀምጡ አይ ነበር።

ማቋረጫው ሁለት ባንዲራ አለው፤ አንዱ በቤቶቹ በኩል፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ በኩል፣ እያንዳንዱ በብረት ቱቦው ውስጥ ይቆማል። ሕጉ ሁለት ሰው ይላል። ኤልቪራ የሚቆሙት በቤቶቹ በኩል ብቻቸውን ነበር፤ የማዶው ባንዲራ ከቱቦው ወጥቶ አያውቅም። ቤታችን ማቋረጫውን የሚያይ ፎቅ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ከባድ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ስልኬን አነሳለሁ። አንገትሽን አልሸፈንሽም፣ ወደ ኋላ በይ እያልኩ በስልክ አስቸግራቸው ነበር። እኔ ልውረድና ማዶ ልቁም ስላቸው ጉልበትሽ አይችልም አሉኝ። ሌላ እናት ለምኚ ስላቸው ይደክማቸዋል አሉኝ።

በ2023 መኸር የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሆዳቸው ተቀዶ፣ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ ፀጉራቸው ሲሳሳ የሱፍ ቆብ አደረጉና ሄደው ቆሙ። ትንንሾቹ ልጆች ቆቡን ወደዱላቸው። ባለፈው ዲሴምበር መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ለክረምት እስኪዘጋ ድረስ ቆመዋል። ከዚያ ቀን በኋላ በራሳቸው እግር አልተነሱም።

ሆስፒታል ሳሉ ስለ ሕመማቸው ብዙ አልተናገሩም። የሚያስጨንቃቸው ማርች 4 ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ሚላና አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ያንኑ ማቋረጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሻገራለች። እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «አያቴ፣ እጇን ይዛችሁ አታሻግሯት፣ ራሷ ትሻገር። ከማዶ ግን የሚያያት ሰው ይኑራት። አንድ ቀን የቀረች እንደሆነ፣ መቅረቷን የሚያውቅ ሰው።» እሺ አልኳቸው። የሚያምኑኝ አልመሰለኝም፤ ጉልበቴን ያውቁታል።

ወይዘሮ ኤልቪራ ኬጋይ በተወለዱ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንሳን ሆስፒታል ውስጥ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ ሩስላን ዩጋይን፣ ልጃቸውን ሚላናን፣ አባታቸውንና እናታቸውን፣ ማየት የማይገባትን ያየች አያታቸውን ትተው ሄደዋል። የሚላና አባት ለቀብሩ የተፈቀደላቸው ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ልጄ ስቬትላና የንጋት ሥራ ላይ ናት፤ ቪያቼስላቭም እንዲሁ።

ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነጭ አበባ ይዛችሁ የቆማችሁ ወላጆች፣ ብዙዎቻችሁን በመስኮቴ አይቼ ሳይሆን በስም ነው የማውቃችሁ፤ ኤልቪራ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ዛሬ የእገሌ ተራ ነው እያሉ ሰደርያቸውን ይለብሱ ነበርና። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እናንተ የት እንደነበራችሁ አውቃለሁ፤ የእኔም ልጅ እዚያው ነበረች። ማርች 4 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ በቤቶቹ በኩል እቆማለሁ። ሐኪሙ አይሆንም ብሏል፤ ዓይኔም ከርቀት አያጣራም፤ ግን እቆማለሁ። የማዶው ባንዲራ በቱቦው ውስጥ እንዳለ ነው። ቀላል ነው፤ ሕፃን እንኳ ያነሳዋል።

ነፍሳቸውን የተቀበለ አምላክ፣ እዚያ ሲደርሱ ቀድሞ ያወቃቸው፣ መምጣታቸውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ከማዶ አያሳጣቸው። ኤሊያዬ፣ ቀስ ብለሽ ተሻገሪ።