በነጻ ያገኘሁት ማስቀመጫ

ለእታለም፤ ይቺ ደብዳቤ ባለሽበት በደህና ታግኝሽ። እኔና እማዬ ደህና ነን፤ እኔማ ሰፈሩን አንቀጥቅጬ ነው የምኖረው።

ትተሽው የሄድሽው ኮምፒውተር እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ጠጋኙ «ሊሞት ነው፣ ፋይሉን ቶሎ ሌላ ቦታ አስቀምጥ» አለኝና፣ ደግሞ «ጎሚስታ ምን ያውቃል!» ብሎ ሳቀብኝ። በኔ? ኢንተርኔት ላይ ፋይል በነጻ የሚያስቀምጥ ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። ፎቶሽን፣ ሰርተፍኬትሽን፣ ሁሉንም ጫንኩት። አሁን ጠጋኙ ራሱ «አሳየኝ» እያለ ይለማመጠኛል! መግቢያውን በኢሜልሽ ልኬልሻለሁ።

ማስቀመጫው ጉደኛ ነገር ነው፤ ማን መቼ ከፍቶ እንዳየ ይጽፋል። እስካሁን የኔ ስም ብቻ ነው የተደረደረው። ስራ በዝቶብሽ ነዋ! ስልክሽም ከሁለት ወር ወዲህ ዝግ ነው ይላል፤ ኔትወርክ ይሆናል። ለእማዬ ግን «ትናንት ከፍታ አይታዋለች» ብያታለሁ፤ እንዳታጋልጪኝ። እኔ እንኳ ዝርዝሩን ብዙም አላየውም፤ አንድ ጎማ በለጠፍኩ ቁጥር ብቻ ነው።

መጻፍ ካልተመቸሽ ተዪው፤ እኔ እንደሆንኩ አይከፋኝም። አንዷን ፎቶ ብቻ ከፈት አድርገሽ ዝጊያት።

ብቻ ደህና ሁኚልኝ፣ እታለም።

የማይበገረው ወንድምሽ