የጎደለው ባሩድ

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬ 140 ቀለህ ሞላሁ። ክንዴ ዝሏል። ሚካኤል ነው፤ ቀበሌው ግን ሥራ አይቆምም ብሏል። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ እስከ እንጦጦ ወጥቷል። አባባ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀሉ። ብልጭታ ገብታ ባሩዱ ላይ ብታርፍ... አልጽፈውም።

የመሙያ መኪናው ድሮ አባባ ለአዳኞች ጥይት ይሞሉበት የነበረው ነው። አሁን የቀበሌው ሆኗል። ለአብዮት ጠባቂዎቹ አሮጌ ጠመንጃዎች ከመጋዘን ጥይት አይመጣም፣ ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ እኛ እንደገና እንሞላለን። እጀታውን እስከ ታች ስቤ ስመልሰው ክቡ ብረት አንድ እርምጃ ይዞራል፤ በአንዱ ቀዳዳ ባሩድ ይወርዳል፣ በሌላው ተተኩሶ የሚወጣው እርሳስ ይገባል፣ ከዳር አንድ ያለቀ ጥይት ይወድቃል። የአባባ ዓይን ስለደከመ እጀታው የእኔ ነው። ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁትም ለዚህ። ብዙም አልከፋኝም። መኪናው አያናግረኝም።

ጠባቂው ላቀው ሳጥን ሊወስድ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ነው። አንቺ፣ ምላስሽንም ቀለህ ውስጥ ከተሽ ዘጋሽበት እንዴ? አለኝ። አባባ ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ካስጠላሽ ይቅርታ።

ዛሬ ጠዋት ሸጎሌ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ የላቀው ጠመንጃ በመጮህ ፈንታ ጠሽ ብቻ አለ። ባሩዱ ስላነሰ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ቀረ። ላቀው ነቅቶ ነው እንጂ ሁለተኛ ቢተኩስ ብረቱ ፊቱ ላይ ይፈነዳ ነበር። በዚህ ወር ሁለተኛው ነው።

ሊ/መ መጣ። (የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ሙሉውን መጻፍ ያስፈራኛል።) እንደ ደንቡ ብድግ አልን፣ ግራ እጃችንን አነሳን፣ መፈክሩን አልን። አባባን አንተ አላቸው። ማን እየከፈለህ ነው? የመጀመሪያው የአሮጌ ዕቃ ጉድለት ነው ብዬ ነበር፤ ሁለተኛው አሻጥር ነው አለ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሦስተኛ ከተገኘ አባባ ከዚያ ወዲያ ቤታቸውን አያዩም ብሎን ሄደ።

አሻጥር። ከእኛ በታች ያለውን ሸማኔ ሲወስዱትም ይችኑ ቃል ነበር ያሉት። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። አንድ ቀን ከእንግዲህ አታምጪ አሏት።

10 ሰዓት። ሊ/መ ተመልሶ መጥቶ ነበር። እንደገና ተነሳን።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

ጾም ገባ። ምግብ ድሮም አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ያለቀውን ጥይት ብመዝን ጎደሎው የሚገኝ መስሎኝ ነበር። አባባ አይሆንም አሉ፤ የቀለሆቹ ክብደት እርስ በርሱ ስለሚለያይ የባሩዱን ጉድለት ይሸፍነዋል። ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። ደግነቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ጥይቱን በአወዳደቁ ተራ ጣውላ ላይ እደረድራለሁ። አባባ የማክሰኞዎቹን አንድ በአንድ በጉጠት ፈቱ፣ እኔ ባሩዱን መዘንኩ። እስከ 30ኛው እኩል። 31ኛው ግማሽ! ከዚያ ሁሉም ልክ፣ ልክ፣ ልክ። 88ኛው ግማሽ።

ሁለት ጉድለት። ሊ/መ ማክሰኞ ሁለቴ ነው የመጣው።

አየሽ፣ በሩን ሲከፍት እጀታውን ገና ግማሽ ስቤው ነበር። ደንግጬ ለቀቅኩትና ብድግ አልኩ፣ እጄን አነሳሁ። እጀታው ተመለሰ፣ ክቡ ዞረ፣ ባሩዱ ግን ግማሹ ብቻ ነው የወረደው። እኔ ነኝ። የላቀውን ፊት ላፈነዳው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ለአባባ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። መጀመሪያ በሩን ዘጉ። መፈክሩ ጥይት አበላሸ ብለሽ ልትናገሪ ነው? ለማን? አሉኝ። ከዚያ ራሴን ዳሰሱኝና ከተጠየቅን ጥፋቱ የእኔ ዓይን ነው፣ አንቺ ምንም አታውቂም አሉ። 

ኅዳር 16፣ ዓርብ፣ 8 ሰዓት

ረቡዕ የሞላኋቸውን 60 ጥይቶች ልንፈታ ስንል ላቀው መጣ። ለነገው ልምምድ ተብሏል። አባባ አንድ ቀን ይቆዩልን ብለው ለመኑት። ጋሼ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ፣ እባክዎ አያስጠይቁኝ አለ። በተራ የደረደርኩትን ሳጥን ውስጥ ገለበጠው። ሁሉም ተደባለቀ።

ረቡዕ ሊ/መ አንዴ መጥቶ ነበር። ስለዚህ ከ60ው አንዱ ጎደሎ ነው። ላቀው ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ እያፏጨ ወጣ። ቁም ልለው ነበር። አፌ አልከፈት አለ።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ልምምዱ 3 ሰዓት ላይ ነው።

አባባ ታጥበው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። እማማ ሳትጠየቅ በሶና ብርድ ልብስ ቋጥራለች። ሊወስዷቸው ሳይመጡ ቤታችን ሸኝቷቸዋል።

አባባ ቀበሌ ሄደው ጥፋቱ የዓይኔ ነው ሊሉ ነው። ዝም ካልኩ ይወስዷቸዋል። ወይም ላቀው... ወይም ሁለቱም።

የምለውን ስለማመድ ነው ያደርኩት። ስሚኝ፤ ጓድ ሊቀመንበር፣ ትናንት የተወሰደው ሳጥን ውስጥ አንድ ጎደሎ ጥይት አለ፣ እባክዎ አይተኮስ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው ሲገባ ደንግጬ እጀታውን እለቃለሁ። አባቴ አያውቁም።

የመፈክሩን ነገር ከንግግሬ ትቼዋለሁ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ውሸት ናት።

ለሻጭ እንኳን ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ቢጠፋስ? ይህን ገጽ ቀድጄ አልይዝም፣ ቢፈትሹኝ ስለ መፈክሩ የጻፍኩትን ያነቡታል። አንቺን ከመስኮቱ ጆንያ ጀርባ እደብቅሻለሁ።

አባባ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። በጓሮ በር ወጥቼ እቀድማቸዋለሁ። እማማ አየችኝ። ነጠላዬን አቀበለችኝና የጓሮውን በር ልትከፍትልኝ ሄደች።