በጎን የተመረጠ ወለል

ኅዳር 8

ቅዳሜ። እንደ ሁልጊዜው ማድ ቤቱን እበት ለቀለቅሁ። እጄን በሳሙና ታጠብሁ፣ በሎሚ አሸሁ… አሁንም ይሸታል። ሰኞ ክፍል ገብቼ ደብተር ሳርም አንዷ ተማሪ አፍንጫዋን ትይዛለች። የአስተማሪ ክብር የት አለ?

ማታ ዘመኑ ፊቱ በርቶ ገባ። ባሌ የሚሠራበት ሆቴል መታጠቢያ ክፍሎቹን እያደሰ ነው። እሱ ደግሞ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ስለሆነ የተረፈ ነገር ሁሉ ያሳዝነዋል።

"ባለቤቱ የተረፈውን ሴራሚክ ውሰድ አለኝ! ማድ ቤታችን ሴራሚክ ሊለብስ ነው!"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ሰማያዊ። አሳ አለበት።"

"ምን አለበት?"

"አሳ። ትንንሽ… የሚዘል።"

እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሊሾ፣ ሊሾ ስል ማን ሰማኝ? ልስልስ ያለ ሲሚንቶ። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ውልውል፣ አለቀ። አሁን አሳ መጣ።

እማማ ውባንቺ ከጥጋቸው ሆነው ሰሙ። የዘመኑ እናት ናቸው፤ የማድ ቤቱም መንግሥት። ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ሲሉ ነው መፍራት።

ኅዳር 9

ዝምታው ከቅዳሴ መልስ ፈነዳ።

"ከየትኛው ክፍል የተረፈ ነው ይኼ ያልኸው?"

ዘመኑ መዋሸት አይችልበትም። "ከ… ከመታጠቢያው።"

"ከሽንት ቤቱ በለኛ! እንግዶቼን ከሽንት ቤት በተረፈ ሸክላ ላይ ላስተኛ? ያውም አሳ ያለበት? በጾም?"

ነገሩ እውነት አለው። እዚህ አገር ማድ ቤት ዓመቱን ወጥ ይሠራበታል፤ ገና ሲደርስ መኝታ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ እንግዶች አሉት። የእኛዎቹ ከቡግና፣ ከእማማ የትውልድ አገር፣ ገናን እዚህ ለማክበር በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። መሪያቸው አያ ደባሱ ይባላሉ። ማድ ቤታችን ወለል ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድራሉ። እማማ በዓመት አንድ ጊዜ ጮክ ብለው የሚስቁት ያኔ ነው።

ጎረቤታችን ሙሉሃብት ደግሞ እነዚህን እንግዶች ከተመኘቻቸው ቆየች። አምና አያ ደባሱን "የእኛ ቤት ሰፋ ይላል" ብላቸው ኖሯል። እማማ እስከ ፋሲካ አላናገሯትም።

"እበት ሙቀት አለው" አሉ ዛሬ። "እንግዳ እበት ላይ ጋደም ሲል የገዛ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። ሴራሚክ ካደረጋችሁት ደጄን አይረግጡም። ቀጥ ብለው ሙሉሃብት ቤት ነው!"

"ሊሾስ?" አልሁ።

ሁለቱም እንግዳ ሰው የገባ ይመስል ዞረው አዩኝ።

ኅዳር 13

ዛሬ ጥናት አካሄድሁ።

ዘመኑ ለናሙና ያመጣቸውን ሴራሚኮች በሩ አጠገብ ደረደርኋቸው። ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግሁ። በጣም ትንሽ! ከዚያ "ዘመኑ፣ እስቲ ጨው አቀብለኝ" አልሁት።

መደርደሪያውን ባይዝ ኖሮ ወድቆ ነበር።

"ዘይት ማን ነው ያፈሰሰው?"

"ድመቷ ትሆናለች።"

ድመት የለንም። እሱም አልጠየቀኝ።

እማማን ደግሞ "ነጭ ሽንኩርቱን እዚህ ላይ ሆነው ቢወቅጡልኝ" አልኋቸው። ሁለተኛ አላስነገሩኝም። ሙቀጫውን አሳው ላይ አስቀመጡና ዘነዘናውን አነሱ። ጓ! አሳው ጅራቱን አጣ። "ውይ፣ በሞትሁት" እያሉ የሚያሳዩት ፈገግታ… እንግዲህ አንድ ወገን አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞላ።

ወዲያው ዞር አሉብኝ። "የአንቺም ሊሾ እንዲሁ ነው የሚሰነጠቅ።"

ወገን የለኝም።

ኅዳር 17

ጾም ገብቷል። የንስሐ አባታችን መምሬ ደሴ ስለ ሊሾ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ብዬ ከትምህርት ቤት በዚያው ቤታቸው ሄድሁ። በራቸው ላይ ስደርስ ምርኩዝ ተደግፎ አየሁ። የእማማ ምርኩዝ! ተመለስሁ።

ወደ ማታ እንደገና ሄድሁ። አሁን ደግሞ ደጃፉ ላይ የዘመኑ ጫማ።

ቤተሰቡ በሙሉ በድብቅ ንስሐ እየገባ ነው።

በመጨረሻ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ገና አፌን ስከፍት ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። "ሦስታችሁም መጣችሁ። ሦስታችሁም ስለ ወለል። ኃጢአት የሚባል ነገር እናንተ ቤት የለም ማለት ነው?"

አፈርሁ። ትንሽ ብቻ።

"ስሚ ልጄ" አሉኝ። "የእናንተ ማድ ቤት ወለል በእግር አይመረጥም፤ በጎን ነው። እንግዳ የሚተኛበት አይደል? በሉ እናንተም እንደ እንግዳ በየወለላችሁ አንዳንድ ሌሊት እደሩበት። ከዚያ መጥቼ እሰማችኋለሁ።"

ይሄንን ደግሞ ከየት አመጡት!

ኅዳር 22

ማድ ቤታችን ሦስት ክልል ሆነ።

በር በሩን ግንበኛው ጠባብ ሊሾ አፈሰሰልኝ። ግድግዳውን ተጠግቶ ዘመኑ አሳዎቹን ደረደረ። እማማ የቀረውን አዲስ እበት ለቀለቁ… ያውም ምድጃው ያለበትን! "ይኼማ አድልዎ ነው፣ ምድጃው የጋራ ይሁን" ብንል "ከጥንት ጀምሮ በእኔ በኩል ነው" አሉን። ዘመኑ ታሪክ ጠቅሶ ሊከራከር ሞከረ፤ እናቱ ከእሱ በፊት እንደነበሩ አስታወሱት።

ሊሾው ይድረቅ። ከዚያ እንተኛለን።

ኅዳር 28

ተኛን። ለእያንዳንዳችን አንድ ጋቢ፣ እንደ እንግዶቹ።

ጠዋት እንዲህ ሆነ።

"እንዴት አደርሽ የትናየት?" አለ ዘመኑ።

"አቤት እንቅልፍ! አንተስ?" ዳሌዬ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው።

"እኔማ እንደ ሕፃን…" ብሎ አስነጠሰ። ደገመ። ሠለሰ። "አቧራ ነው።"

ሴራሚክ ላይ አቧራ?

እማማ በነጠላቸው ውስጥ ክንዳቸውን እየፎከቱ ነው። ከዚያ ጀርባቸውን። ከዚያ በምርኩዛቸው እግራቸውን።

"ቁንጫ አለ እንዴ እማማ?"

"ምን ቁንጫ አመጣው! እርጅና ነው የሚያሳክክ።"

መምሬ ደሴ ገቡ። አንድ በአንድ አዩን። አንዱ ያስነጥሳል፣ አንዷ ታነክሳለች፣ እማማ ይፎክታሉ። ሦስታችንም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው ያደርን" አልናቸው።

"ሦስት ሰው፣ ሦስት ውሸት፣ በጾም" አሉና ተቀመጡ። "ቀኖናችሁን ልስጣችሁ። ማንም የራሱን እንዳይመርጥ። እያንዳንዳችሁ የሌላውን ምረጡ።"

ቀበሌ ለግምገማ ስንቀመጥ እንኳ እንዲህ አንጨነቅም።

ዘመኑ እናቱን አየ፣ የሚፎክቱትን ክንድ አየ። "ሊሾ" አለ ቀስ ብሎ።

እማማ ከንፈራቸውን ነከሱ። አሳዎቹን አዩ። "ከሽንት ቤቱስ… ያ ሲሚንቶው ይሻል።"

ተራው የእኔ ሆነ። ሁለት ድምፅ ቀድሞ ገብቷል። አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እኔስ የእማማን እበት እመርጣለሁ" አልሁ።

መምሬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው ደግነት የመጣልሽ፣ የትናየት።"

ሲወጡም ለእንግዶቹ ከሥር ጭድ፣ ከላይ ሰሌን በወፍራሙ እንድናነጥፍ አዘዙን። የዳሌዬን ስሞታ የሰሙ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 9

ተሠራ! ቀይ ሊሾ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። እንዳላየ ሆኜ ብዙ ጊዜ አየሁት። ዘመኑ አሳዎቹን የውኃ በርሜሉ ጀርባ ግድግዳ ላይ ለጠፋቸው። "ውኃ ዳር ይሁኑ" አለ። አላኮረፈም። ወይም እያኮረፈ ነው የለጠፋቸው።

ታኅሣሥ 16

ሰም ቀባሁት። በብሩሽ ፈተግሁት፣ በአሮጌ ሹራብ ወለወልሁት። ጎንበስ ስል ፊቴን አየሁ! እማማ ሲገቡ በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና "ወለል ነው ወይስ መስታወት?" ብለው በጥግ በጥግ ሄዱ።

ሙሉሃብት ልታይ መጣች።

"ውይ ማማሩ! እንግዲህ በዚህ ላይ እንግዳ አታስተኙም፣ አይደል? ይበላሻላ። ግድ የለም እትዬ ውባንቺ፣ እኔ ጋ ቦታ ሞልቷል።"

ማር በሚመስል ድምፅ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ።

ታኅሣሥ 24

እማማ ደጅ ላይ፣ ቡግና መንገድ በሚታይበት በኩል ተቀምጠዋል። ገና የሚመጣ የለም እኮ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"እበቱን ያን ያህል ይወዱት ነበር እንዴ እማማ?"

"ማ? እኔ? አርባ ዓመት ሙሉ ስለቀልቅ ኖሬ? ማን ይወደዋል እበት!" አሉና ሳቅ ሊመጣባቸው ብሎ ቀረ።

"ታዲያ?"

"እኔ ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። አገሬን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ዓመት ጠብቀው፣ ያን ገደል ወርደው የሚመጡልኝ እነ ደባሱ ናቸው። እነሱ ያለሁበት ካልገቡ… እኔ የማን ነኝ፣ የትናየት?"

ያንን ሁሉ ስንሻማ የነበረው ስለ እበትና ስለ አሳ መስሎኝ! ማድ ቤት ገብቼ የሚያበራውን ወለል አየሁት። አስጠላኝ። ሰሙን በቢላ ልፋቀው ይሆን? ጨነቀኝ።

ታኅሣሥ 27

መጡ።

አቧራ ለብሰው፣ ስንቃቸውን አዝለው፣ ነጠላቸው መሬት መስሎ። ዘመኑና እኔ ደጅ ላይ እግራቸውን አጠብን። እማማ እየዞሩ ጉንጭ ይስማሉ። ሁሉ ነገር እንዳምናው… አያ ደባሱ ማድ ቤቱ በር ላይ እስኪደርሱ።

ወደ ውስጥ አዩ። ቀዩ ወለል ያበራል። ጭዱን ገና አላነጠፍንም፤ እኔ ነኝ "መጀመሪያ ይዩት" ያልሁ። ምን ነካኝ!

አያ ደባሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከኋላቸው ያሉትም እንደዚያው።

"እኛ እዚሁ ግቢው ላይ ይሻለናል። ይኼን አናበላሽም።"

"ግቡ እንጂ፣ ይወለወላል!" አልሁ። ባላልሁ ኖሮ! የታጠበ እግራቸውን እንደገና አዩት።

"ኧረ ምንም አይደል፣ ሲሚንቶ እኮ ነው" አለ ዘመኑ። ማንም አልተነቃነቀም።

ሙሉሃብት ከአጥር ማዶ፣ ለካ ቆማ ኖሯል። "አያ ደባሱ! እንዴት ከረሙሳ? የእኛ ቤት እንደሆነ ያው የገበሬ ቤት ነው!" አንዷ ሴት ጓዟን አነሳች። የእማማን ፊት ማየት አቃተኝ።

እማማ ጫማቸውን አወለቁ። ለምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። የእግር እጣቢው ወደፈሰሰበት ጭቃ ሄዱ። በሁለት እግራቸው ገቡበት። ረገጥ ረገጥ አደረጉት፣ ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ትተው፣ ማድ ቤት ገቡ። ከበሩ እስከ ምድጃው። ከምድጃው እስከ በርሜሉ። መሃሉን ዞሩት። እግራቸው ከነጣቱ እዚያ የፈተግሁት ሰም ላይ ይታተማል። ሊንሸራተቱ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

በሩ ላይ መጥተው ወገባቸውን ያዙ።

"ቆሸሸ። በሉ ግቡ!"

መጀመሪያ የሳቁት አያ ደባሱ ናቸው። ከዚያ ሁሉም። እየተጋፉ ገቡ፣ ጓዛቸውን የመሃል ወለሉ ላይ ጣሉት። ያቺ ሴት ሁሉንም ቀድማ የምድጃውን ጥግ ያዘች። ዘመኑ ጭዱን በጀርባው ይዞ መጣ።

እኔ ቆሜ አለቀስሁ። ሰዓቱ አልነበረም፣ ሥራ ሞልቶ ነበር። ግን አለቀስሁ። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም።

ጥር 1

ጠዋት ሸኘናቸው። "ለከርሞ እንዲሁ ያገናኘን" አሉ አያ ደባሱ።

ወለሉ ጭድ ነው፣ የዳቦ ፍርፋሪ ነው፣ ሰሙ የት እንደገባ አላውቅም። ጠረግሁ፣ አንዴ ውልውል… አለቀ። እጄን አሸተትሁ። ሳሙና ብቻ!

ጨርቁን ስጨምቅ ሙሉሃብት ብቅ አለች። ዙሪያውን አየች፣ በእግሯ ነካ አደረገች።

"እትዬ ውባንቺ፣ እኔም እንደዚህ ባሠራውስ? እንግዶችሽ ወደዱት አሉ። ግንበኛው ማን ነበር?"

እማማ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ታማሚ።

"ተይኝ እቴ! አጥንት ውስጥ ይገባል ብርዱ። ልጆቼ ናቸው ያስቸገሩኝ፣ እኔ መች ፈለግሁት። ምከሪኝ ካልሽ እበትሽን እንዳትነኪ። ከእበት የሚበልጥ ከየት ይመጣል! አይደለም እንዴ የትናየት?"

"እውነታቸውን ነው" አልሁ ወዲያው። "ሙቀቱ ብቻ!"

ሙሉሃብት አመስግና ሄደች። እማማ በሩ ድረስ ሸኟት፤ ከዘጉት በኋላ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ።

"የዚያን ግንበኛ ስልክ ለማንም እንዳትሰጪ።"