ቴምብሯ ላይ የቀረ ጣት

ይድረስ ለማህፀኔ ፍሬ ለሜቲ። ካለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ፤ ቂርቆስ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ካዛንቺስ ግን ከመፍረሱ ብዛት መንገዱ ጠፍቶብኛል። አንቺስ ቁርስ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ነው?

ልጅ ሆነሽ ያጠራቀምሽውን የቴምብር አልበም ጎረቤታችን ጋሽ ዋቅጅራ ሲያገላብጡ አንዷ ላይ ቆሙ። «ይቺ የደብዳቤ አይደለችም፤ የፖስታ ቤት ማኅተም የለባትም። ውል ላይ ተለጥፋ በላይዋ የሚፈረምባት የቀረጥ ቴምብር ናት» አሉኝ። ለካ ላይዋ ላይ ቆሻሻ የመሰለን ነገር የጣት አሻራ ኖሯል፤ ያውም ግማሹ!

የቤታችንን ውል ከሳጥን አወጣሁ። ከአሻራው ሌላኛ ግማሽ አጠገብ ቴምብር የተነሳበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። በውሃ አርሰሽ የላጥሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ሌባ! ቴምብሯን መልሼ ባስጠጋት መስመሮቹ ግጥም አሉ፤ የአያትሽ የቡዜ አውራ ጣት ሙሉ ሆነ። አንድ ፎቶ እንኳ ሳትነሳ የሞተችው እናቴ እጇን የዘረጋችልኝ መሰለኝ። ቆሜ አማተብኩ።

አልተቆጣሁሽም፤ እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው። ፎቶሽስ በስልክ ይመጣል፤ አደራሽን፣ አውራ ጣትሽን ቀለም አስነክተሽ በወረቀት ላኪልኝ። ከእሷ ጎን ላኑረው።

እናትሽ