ተቀባይ የሌላት ዘፋኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1988 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

የመስኖ ፕሮጀክቱ ስፔናዊ መሐንዲስ ያዋሰኝን የኦፔራ ካሴት ዛሬ ከሰዓት ከፈትኩት። የዜማው ደራሲ የአገሩን የድሮ ሥዕሎች እያየ፣ የባላገሩን ዘፈን እየሰማ ነው የሠራው ብሎኛል። ሥዕል እንዴት ይዘፈናል? ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ፤ ምንም አልታየኝም።

አከራዬ እማማ ዓለሚቱ በረንዳው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። አንዲት ሴት ረጅም ዜማ ስታወጣ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«የሚቀበላት ሰው የለም?»

«የለም እማማ። መሐንዲሱ እንደነገረኝ፣ አትክልት ቦታ ውስጥ ብቻዋን ሆና ለወፍ ነው የምትዘፍነው።»

«ምን አድርጋቸው ነው ዝም ያሏት?»

በእሳቸው አገር በኦቾሎ፣ አንድ ሰው ዜማ አውጥቶ ካልተቀበሉት እንደ መኳረፍ ነው አሉኝ። ከዚያ በጋሞኛ ቀስ ብለው ተቀበሏት። ልጃቸውም ከጓሮ ሆና ሌላ ድምፅ ጨመረች። ከካሴቱ ጋር አልገጠመም፤ ግን ሴትዮዋ እስክትጨርስ አብረዋት ቆዩ።

እነሱ ገበያ ሲወጡ ካሴቱን መልሼ እንደገና ሰማሁት። አሁን ታየኝ፦ ሰፊ አትክልት ቦታ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ሴት፣ ዙሪያዋ ጭር ያለ።

ልቀበላት አፌን ከፈትኩ። እንዴት እንደሚቀበሉ ግን አላውቅም።