የመጋዙ ወዲያኛው እጀታ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ሆኜ

ለልጄ፣

እናትህ በእንጨት ነጋዴው ሰዎች ላይ መጥረቢያ አነሳች የሚል ወሬ እንደደረሰህ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። መጥረቢያው የዚያን ቀን ሊሳል ከተማ ሄዶ ነበር። እኔ ያነሳሁት በርጩማ ነው፤ ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ ጫካ ይዤው የምወጣውን። እሱንም ያነሳሁት ልቀመጥበት እንጂ ልወረውረው አይደለም። ጮኸች የተባለውም ውሸት ነው። እኔ ጮኼ አላውቅም። አንተን እንኳ ስታጠፋ የምቆጣህ በዝግታ ነበር፤ ታስታውስ እንደሆነ።

ወሬው ይቅደም፣ ሰላምታው ይከተል ብዬ ነው። እንግዲህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እኛ ስል እኔና ሚስትህ ማለቴ ነው።

አጎትህ ነገሩን ገልብጦ እንደሚነግርህ ስለማውቅ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ የዘንድሮውን የጫካ ክፍል መቁረጥ ልንጀምር ከሚስትህ ጋር መጋዙን ተሸክመን ወጣን። ያው ሁለት ሰው የሚስበው የአባትህ መጋዝ ነው። ወዲህኛውን እጀታ እኔ እይዛለሁ፤ ወዲያኛውን፣ ያንተን፣ ከሄድክ ወዲህ እሷ። እጀታው ለእጇ ስለሚወፍርባት መዳፏ ይላጣል። አሳንሺልኝ እያለች ስንት ጊዜ ለምናኛለች። ባለቤት ያለው እጀታ አይነካም፣ ጨርቅ ጠምጥሚበት እላታለሁ።

የምንሠራበትን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን ከሐሙስ ወዲህ እንደማታውቅ አድርጌ ልጽፍልህ ተገድጃለሁ። ጫካውን ከፋፍለን በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ እንቆርጣለን። ጉቶውን ወደ መሬት አስጠግተን፣ ዝናብ እንዳያቁር ትንሽ አዘንብለን። በዙሪያው የሚያቆጠቁጠውን በዓመቱ ደካማውን አንስተን ቀጥ ያለውን ብቻ እንተዋለን፤ ተራው ሲመለስ አጣና ሆኖ ይጠብቀናል። እኔና ሚስትህ የምንኖረው በዚህ ነው። በየክፍሉ መካከል ግን የማይነኩ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ዘር የሚጥሉት፣ ለቡቃያው ነፋስ የሚመክቱት፣ ቀፎ የምንሰቅልባቸው። ሌላው ሰው ምልክት የሚያደርገው በሚቆረጠው ላይ ነው፤ አባትህ ግን በሚቀረው ላይ ጨርቅ ያስር ነበር። «የታሰረ ይቆያል» እያለ አንተን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቋጠሮውን ያስጠብቅህ ነበር።

ስንደርስ አጎትህ በተወለወለ ጫማው ቅጠሉን እየረገጠ ቆሟል። ነጋዴው አጠገቡ ነው፤ ከኋላቸው የሞተር መጋዝ የያዘ ሰውና ረዳቱ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አትድከሚ» አለኝ አጎትህ። «ልጅሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲቆረጥ ተስማምቷል። አሁንማ ታርፊያለሽ።»

በእኔ ዕድሜ ያለን ሰው ታርፊያለሽ አይሉትም። ይህንንም ነገርኩት።

የጫካው ወረቀት በስምህ መሆኑን አልክድም፤ አባትህ ሲሞት ያዞርኩልህ እኔው ነኝ። ስለዚህ ከልጄ አፍ ካልሰማሁ አላምንም አልኩ። አጎትህ ደወለልህና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ ያዘው። እኔ አጠገቡ መቆሜን ግን አልነገረህም። ከየት እንጀምር ብሎ ብቻ ጠየቀህ። አንተም እንዲህ አልክ፦

«ጨርቅ የታሰረባቸው ትልልቆቹ አሉ። ከነሱ ጀምሩ።»

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ድምፅህ ይህ ነው። ጉንፋን ይዞህ ነበር መሰለኝ፤ አፍንጫህ ታፍኗል።

አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ሞተሩ ተነሳ። ከምንጩ በላይ ያለውን፣ አባትህ ከሁሉ የሚወደውን ጣሉት። ከወገብ በላይ፣ ጠፍጣፋ አድርገው ነው የቆረጡት፤ ጎንበስ ማለት ከብዷቸው። ሲወድቅ የአምናውን ቡቃያ ደፈጠጠው፤ ቀፎውም ከሥሩ ተፈረከሰ። ሚስትህ ቀፎውን ላድን ብላ ስትሮጥ ንቦቹ ፊቷን ነደፏት። አንድ ዓይኗ እስካሁን በደንብ አልተከፈተም።

በርጩማዬን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ሊቆርጡት ካሰቡት ዛፍ ሥር አስቀምጬ፣ ጀርባዬን ለግንዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ባለሞተሩ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«እማማ፣ ይነሱልኝ እንጂ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።»

«ጥሩ። አሁን እኔ አዝዤሃለሁ። አጥፋው።»

ረዳቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰውዬው ነጋዴውን አየ፣ ነጋዴው አጎትህን አየ፣ አጎትህ ጫማውን አየ። ልጄ ፈርሟል ወይ ብዬ ነጋዴውን ጠየቅኩት። አልፈረመም፤ በስልክ ቃል ሰጥቷል እንጂ። እንግዲያው ፊርማውን ይዘህ እስክትመጣ አንዲት ቅርንጫፍ አታወርድም አልኩት፤ በሠራተኞቹ ፊት እሺ አለ። ከዝናቡ በፊት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አጎትህ ተከትሎት ወረደ፤ ምሳ እንኳ አልቀመሰም። አልጋበዝኩትም።

የዚያን ዕለት የሚስትህን ፊት በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኩ፣ ልጄ ጨርቁ ምን ማለት እንደሆነ ረስቶ ነው አልኳት። አየህ፣ ላንተ ጠበቃ ቆሜ ነበር።

«ቢረሳ ነው የሚሻልሽ ወይስ አውቆ ቢሆን?» አለችኝ።

ቢረሳ አልኳት።

«እማዬ፣ እኔን ረስቶኝ የለ? ጨርቅ ምን ይገርምሻል።»

ውሃው ስለሞቀ ሌላ ልቀዳ ወጣሁ። 

በማግስቱ ሣጥንህን ከፍታ ነጩን ሸሚዝህን አወጣች፤ ፎቶ የተነሳህበትን፣ ባለ ደረቅ ኮሌታውን። በቀጭን በቀጭኑ ቀደደችውና የቀሩትን ትልልቅ ዛፎች ሁሉ እንደ አዲስ አሰረቻቸው። እናቴ አልከለከለቻትም ወይ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መቀሱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። እጅጌው ለቀጭኖቹ ግንዶች በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ኮሌታውን ግን የትኛውም ዛፍ አልፈለገውም፤ የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ረስተህ ከሆነ ረሳሁ ብለህ ጻፍልኝ። አውቀህ ከሆነም አውቄ ነው ብለህ ጻፍ። ሥራ በዝቶ፣ ኑሮ ተወድዶ፣ አጎቴ ገፋፍቶኝ የሚል ነገር ከጻፍክ ግን አላነበውም። እንደዚያ ያለ ድርሰት ከሕፃንነትህ ጀምሮ አርሜልሃለሁ፤ በቃኝ።

አጎትህ ወረቀት ይልክልሃል። እዚያው ሆነህ እንዳትፈርም። ጫካህ ነው፣ መብትህ ነው፤ ልትፈርም ካሰብክ ና። ከምንጩ በላይ የተውልህ ጉቶ ጠረጴዛ ያህል ሰፊ ነው። እሱ ላይ ተቀምጠህ፣ ከፊትህ ያለውን አይተህ፣ የሚስትህን ዓይን እያየህ ፈርም። ብዕሩን እኔ አቀብልሃለሁ።

ብትመጣ ግን ቶሎ ና፤ ጉቶው እንዲህ አይቆይም። ይህን ያህል ያረጀ ጉቶ አያቆጠቁጥም የሚሉ አሉ። እኔ ዝቅ አድርጌ በወጉ ሳልቆርጠው የማንንም ወሬ አልቀበልም።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ልብም ይስጥህ። ለጉንፋኑ ትኩስ ነገር ጠጣ፣ ደረትህንም ሸፍን።

ነገ ከሁሉ በፊት መጋዙን ከግድግዳው አወርዳለሁ። ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ እስለዋለሁ። ከዚያ ሚስትህን ጠርቼ መዳፏን በክር እለካለሁ፤ ወዲያኛውንም እጀታ በእጇ ልክ አሳንሼ እጠርበዋለሁ።

እናትህ