የተነቀለው በርና የወይዘሮ ቆይ ደንብ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታቃስቻለሽ? እማማስ እንዴት ናት? ያ ሳል ለቀቃት? ትንሿ ልጅሽ፣ ፌንጣችንስ፣ ስትዘል መዋሏን ተወች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን በረጋ ልብ እንድታነቢ ነው።

«ተማርልኝ ብዬ የላክሁት ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ ባስቸኳይ መልስልኝ» ያልሽው መልእክት ደርሶኛል። የሰማሽው ውሸት አይደለም፤ ግን መንገድ ላይ ብዙ ተጨምሮበታል። ቢላም ደምም አልነበረም። የተጎዳው የመኝታ ክፍሉ በር ነው፤ የዩኒቨርሲቲው አናጢ እኔ ስለሆንኩ ጉዳቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በመብራት ነው። ልጅሽ አምሽቶ ያነባል፤ አብሮ አዳሪው ደግሞ በጊዜ ካልተኛ አይሆንለትም። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ያጠፋል። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰው አንቺው ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ቃል ተወራወሩ። መብራቱ ተረሳና «እናንተ ድሮም እንዲህ ናችሁ» መባባል መጣ። ያን ጊዜ ከየክፍሉ ወገን ነኝ ያለ ሁሉ ወጣ፣ ተገፋፉ፣ በሩ ከነማጠፊያው ተነቀለ። መሣሪያዬን ይዤ ስደርስ ልጅሽ ኮሌታው ተቀዶ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሁለቱንም ሊያባርር ተነስቶ ነበር።

ያዳነቻቸው የሰላም ትምህርት የምታስተምር መምህር ናት። ሰው አፉን ሲከፍት «ቆይ» ማለት ስለምታበዛ ተማሪዎቹ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል። «ከመፍረዳችሁ በፊት ለእኔ ስጡኝ» ብላ ኮሚቴውን ለመነች። እማማ ትሙት፣ እኔ ስቄ ነበር። ሰላም በሰሌዳ ተጽፎ ይጠናል እንዴ?

ሁለቱን ይዛ የመጣችው ወደ እኔ የእንጨት ሥራ ክፍል ነው፤ የሰበሩት በር ባለበት ይነጋገሩ ብላ። ደንቧ አንድ ብቻ ነው። የባላጋራህን ቅሬታ አንተ ትናገርለታለህ፤ እሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» እስኪልህ ድረስ የራስህን አታነሳም። ልጅሽ ቀላል መሰለው። «እንደ ዶሮ ፀሐይ ስትጠልቅ መተኛት ይፈልጋል» አለ። «ቆይ» አለች መምህሯ። ሌላ ሞከረ፤ አሁንም «ቆይ»። ሲጨንቀው ልጁን ትኩር ብሎ አየውና «እጅህን ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ለካስ ልጁ ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ይሠራል፤ እንቅልፍ ሲያዳፋው እጁን ምድጃ አቃጥሎታል። አንድ ክፍል እያደሩ፣ ፋሻውን በየቀኑ እያየ፣ ጠይቆት አያውቅም። ይህን ቀስ ብሎ ሲናገርለት ዳቦ ጋጋሪው «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለ።

ተራው የእሱ ሆነ። «እናቱ ሩቅ ናት። ብወድቅ በምን ዓይኔ አያታለሁ ብሎ ይፈራል። በእንቅልፍ ልቡ ‹እማዬ› ሲል እሰማዋለሁ» አለ። ልጅሽ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እኔም መላጊያ የምፈልግ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

እትዬ፣ ይህችን ሴት አደነቅኳት። አልተቆጣችም፣ አልመከረችም፣ ታረቁም አላለችም። እኛ ልጆች ሳለን ታረቁ ስንባል የምንሳሳመው ከአንገት በላይ አልነበር? ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሷ ሆድ ለባሳቸው ልጆች መዶሻና መጋዝ አስያዘቻቸውና በሩን አብረው ጠገኑ። ልጅሽ አብዝቶ ስለላገው ከታች ነፋስ ያስገባል፤ ሙያዬን እንዳልወረሰ አረጋግጫለሁ። ከቁርጥራጭ ጣውላ ለመብራቱ መከለያ ሠሩለት፤ አሁን አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይተኛል። ኮሚቴውም በማስጠንቀቂያ አለፋቸው።

አሁን ወደ እኔና ወደ አንቺ ልምጣ። ልጁ እዚሁ ይቆይ የምልበት ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ ልጽፈው ስጀምር ልጅሽ አየና «አጎቴ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ የእሷን» አለኝ። እንግዲህ ልሞክር። ልጅሽን የሰጠሽኝ አምነሽኝ ነው። ጠቡን የሰማሽው ግን ከእኔ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብሽ ስንጥቅ ይላል። ዲግሪው ይቅርብኝ፣ ልጄ በቁሙ ይምጣልኝ ትያለሽ። እንደዚያ ነው፣ እትዬ? ከሳትኩ «ቆይ» በዪኝና እንደገና እሞክራለሁ። አዎ እስክትዪኝ የራሴን አልጽፍም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊው ባለቤትሽን አክብሬ ሰላም ብያለሁ፤ የተቀደደው ኮሌታ ይጠብቀዋል። ፌንጣን ጉንጯን ሳሚልኝ። ዳቦ ጋጋሪውም «እማዬን ሰላም በልልኝ» ብሏል፤ ሌሊት ሌሊት ሲሰማ ከርሞ እሱም እንደዚያው መጥራት ለምዷል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከግቢው የእንጨት ሥራ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ